ከበሮው የዋጠው ርክርክ፦ የአንድ ርካሽ ኢርፎን ጉዳይ ከጎንደር

ዲያቆኑ ይዞት የመጣው አቤቱታ አጭር ነበር። «ጋሼ፣ ከበሮው የየኔታን ድምፅ ይውጥብኛል። ጸናጽሉ ደግሞ ጆሮዬን ይወጋኛል። አዲስ ኢርፎን ልግዛ ወይስ የሚስተካከል ነው?»

የአቋቋም ተማሪ ነው፤ በከበሮና በጸናጽል የሚዘመረውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ይማራል። የሚማረው በአታ ለማርያም አካባቢ ነው። ቀን ከየኔታ ፊት ቆሞ የተማረውን ማታ ይቀጽላል፤ እየደጋገመ ያጠናዋል ማለት ነው። ለቅጸላው እንዲረዳው የኔታ ፈቅደውለት በስልኩ እየቀዳ ይይዛል። ገሚሱ ቅጂ የየኔታ ድምፅ ብቻ ያለበት ቁም ዜማ ነው። የቀረው በበዓል ማኅሌት ላይ የተቀዳ ነው፤ ከበሮ አለው፣ ጸናጽል አለው፣ የብዙ ሰው ድምፅ አለው። ይህን ሁሉ የሚሰማው ፒያሳ ከአንድ ሱቅ በገዛት ባለ ሽቦ ኢርፎን ነው። ብራንድ የላትም። ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የምትገባው ዓይነት ናት።

እኔ የምሠራው ድምፅ ላይ ነው። ሠርግና ስብሰባ ሲኖር ሚክሰር እይዛለሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣብኛል። አብዛኛው ሰው ኢርፎኑ ሲያስቸግረው ወይ ይጥለዋል፣ ወይ ስልኩ ላይ ያለውን ኢኳላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ መጨመሪያና መቀነሻውን) ከፍቶ ሁሉንም ወደ ላይ ይገፋል። የዚህን ልጅ ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈው ችግሩ ከሁለቱም ውጭ ስለነበረ ነው። ኢርፎኗ ዛሬም ያችው ናት። ርክርኩን ግን አሁን ይሰማዋል።

ስለ ርክርኩ አንድ ነገር ልበል። ከዜማ ምልክቶች አንዱ ነው፤ ድምፅ የሚርገበገብበትን ቦታ ያሳያል። ተማሪው ምልክቱን መጽሐፉ ላይ ያየዋል። እንዴት እንደሚባል ግን ከመምህር አፍ ካልሰማ አያውቀውም። ዲያቆኑ የቸገረው እዚህ ላይ ነበር። የኔታ ርክርኩን ሲያወርዱት ከበሮው ድም ይላል፤ በቃ፣ ጠፋ።

ስልኩ ላይ ያገኘሁት

ኢኳላይዘሩን ከፈትኩት። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ያለው ባለ አምስት ዘንግ ነው፦ 60፣ 230፣ 910፣ 3,600 እና 14,000 ኸርዝ። ኸርዝ የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል። ዲያቆኑ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጫፍ አድርሷቸዋል። ገረመኝ። ከበሮ በዛብኝ የሚል ሰው ለምን ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ) ይጨምራል?

«በግራ ጆሮዬ ቀጭን ሆኖ ነው የሚሰማኝ» አለኝ። «ሲጨመርበት ትንሽ ይሞላል።»

ቁልፉ ይህ ነበር። አንዱ ጆሮ ጎድሎበታል። ያንን ለመሙላት የጨመረው ቤዝ ሌላኛውን ጆሮ አጥለቀለቀው። ብዙ ስልኮች ላይ የዘንጉ ጫፍ 15 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው። ይህ የድምፁን ሞገድ ከአምስት እጥፍ በላይ ከፍ ማድረግ ማለት ነው። እንግዲህ በቀኝ ጆሮው የሚሰማውን ከበሮ አስቡት።

ዘንጎቹን ሁሉ ዜሮ ላይ መለስኳቸው። ከዚያ ኢርፎኑን እንዲያቀያይር ነገርኩት፤ የቀኙን በግራ ጆሮ፣ የግራውን በቀኝ። ይህ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ምርመራ ነው፤ ማንም ቤቱ ሆኖ ሊሠራው ይችላል። ቅጥነቱ ከኢርፎኑ ጋር አብሮ ወደ ሌላው ጆሮ ከሄደ ጥፋቱ የኢርፎኑ ነው። እዚያው ጆሮ ላይ ከቀረ ነገሩ የአገባብ ነው፣ ወይም የጆሮው። የዲያቆኑ እዚያው ግራ ጆሮ ላይ ቀረ።

ወንፊቱንም አየሁት። ኢርፎኑ አፍ ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊት በጆሮ ኩክ ስትደፈን ድምፅ ይደክማል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ነው። የቀኙ ትንሽ ይዞ ነበር። ወንፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብሎ መጥረግ ይበቃል። በመርፌ መውጋት ኢርፎኑን ማበላሸት ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት።

ከዚያ ወደ ጎማው ሄድን። ኢርፎኗ ስትገዛ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማ ይዛ ነው የመጣችው። ዲያቆኑ ሲገዛት የተገጠመላትን መካከለኛውን እንደያዘ ነው። ሌሎቹ ላስቲካቸው ውስጥ እንደታሰሩ ማደሪያው አሉ። አስመጣሁት። በግራ ጆሮ ትልቁን አደረግን፤ በቀኝ መካከለኛው ቀረ። የሰው ሁለት ጆሮ ቀዳዳ እኩል ላይሆን ይችላል። ሁለት የተለያየ ጎማ ማድረግ ምንም ነውር የለበትም።

ጎማው በትክክል ከገባ የውጭው ድምፅ ደብዘዝ ይላል። ለማረጋገጥ የ50 ኸርዝ ድምፅ ከአንድ የቶን አፕ ላይ ከፈትኩለት። ኢርፎኑን በጣቱ ገፋ ሲያደርገው ድምፁ ካልተለወጠ ገጥሟል ማለት ነው። ሲገፋው ድንገት ከወፈረ፣ ሲለቀው ከቀጠነ ግን ያፈስሳል። በትልቁ ጎማ አልተለወጠም። «ይሄ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነበር እንዴ?» አለ፣ ግራ ጆሮውን ይዞ።

ነበር። የዚህ ዓይነት ኢርፎን ቤዝ የሚሰጠው በጎማውና በጆሮ ታምቡር መካከል ያለችውን ትንሽዬ አየር እያመቀ ነው። ቀዳዳ ካገኘ ግፊቱ ይወጣል። ወፍራሙ ድምፅ በ10 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ሊወርድ ይችላል። ቀጭኑ ግን ያን ያህል አይነካም። ስለዚህ ሰው ኢርፎኑ ቤዝ የለውም ብሎ ይደመድማል። እንዲህ ባለ ጆሮ ላይ በኢኳላይዘር ቤዝ መጨመር በተሰነጠቀ እንስራ ውሃ እንደመቅዳት ነው።

የቀረው ግማሽ

ግራና ቀኙ እኩል ሆነ። ዲያቆኑ ደስ ብሎት ሊሄድ ተነሣ። ማኅሌቱን አስከፈትኩት። ከበሮው ቀለል ብሏል፤ ግን አሁንም ከየኔታ ፊት ነው ያለው። ጸናጽሉም እንደበፊቱ ይወጋል። እነዚህ የራሷ የኢርፎኗ ጠባዮች ናቸው። ርካሽ ኢርፎን ሱቅ ውስጥ ሲሞከር ቶሎ ደስ እንዲል ቤዙ ይበዛል፣ ጫፉ ይሾላል። ኢኳላይዘር ሥራ የሚኖረው አሁን ነው።

ወፍራም ድምፅ ቀጭኑን ለምን እንደሚሸፍን ማወቅ ይጠቅማል። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅ ከመግቢያው ወደ ጫፉ ይጓዛል። ቀጭኑ መግቢያው አጠገብ ይቀራል። ወፍራሙ እስከ ጫፍ ይዘልቃል፤ ሲሄድም የቀጭኑን ሰፈር እያናወጠ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ የበዛ ቤዝ በላዩ ያለውን ይሸፍናል፤ ተገላቢጦሹ ግን እምብዛም ነው። የከበሮው ድም የሚለው ክፍል በአብዛኛው ከ200 ኸርዝ በታች ነው። የወንድ ንግግር መሠረቱ ከ85 እስከ 180 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ እዚያው ከከበሮው ጋር ይጋጫል። ቃሉን ግልጽ የሚያደርገው ግን ከዚያ በጣም ከፍ ያለው ነው፤ ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ያለው። የድሮው ስልክ ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ሳያስተላልፍ የእናታችንን ድምፅ እንለይ የነበረው ለዚህ ነው። ስለዚህ የኔታን ለመስማት የየኔታን ድምፅ መጨመር አያስፈልግም። የሸፈናቸውን ማንሣት ይበቃል።

ለጸናጽሉ ግን የስልኩ አምስት ዘንግ አይበቃም። የሚወጋው ቦታ 3,600 ላይ አይደለም፣ 14,000 ላይም አይደለም። በመካከላቸው ነው። 14,000ውን ብትቀንስ ድምፁ ይታፈናል፤ መውጋቱ ግን ባለበት ይቀጥላል። ስለዚህ ፓራሜትሪክ ኢኳላይዘር ያለው አፕ ጫንን፤ ፓወርአምፕ ኢኳላይዘርን። ፓራሜትሪክ ማለት ቦታውን፣ መጠኑንና ስፋቱን ራስህ የምትወስንበት ነው። ስፋቱን የሚወስነው ኪው ይባላል። ኪው ሲጨምር ጠባብ ይሆናል፤ ሲቀንስ ሰፊ።

ለታወቁ ኢርፎኖች በመሣሪያ የተለካ ግራፍ ኢንተርኔት ላይ አለ። አውቶኢኪው የሚባለው ፕሮጀክት ለብዙ ሺህ ሞዴሎች የተሰላ ቅንብር ያቀርባል። የሚያነጣጥረውም በአብዛኛው ሾን ኦሊቭና ቶድ ዌልቲ ሐርማን ኩባንያ ውስጥ ሆነው፣ ሰዎችን እያሰሙ ባጠኑት የድምፅ ሚዛን ላይ ነው። የታወቀ ኢርፎን ያለው ሰው ከዚያ ይጀምር፤ ብዙ ድካም ያተርፋል። የዲያቆኑ ኢርፎን ግን ስም ስለሌላት ግራፍም የላትም። በጆሮ ከመሥራት ሌላ መንገድ አልነበረንም።

ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ቀስ ብሎ የሚወጣ ድምፅ በዝቅተኛ ቮልዩም ከፈትኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሲወጋው ጣቱን እንዲያነሣ ነው የነገርኩት። ወደ ላይ እየወጣ፣ እየወጣ፣ 8,000 ሊደርስ ሲል ጣቱ ተነሣ። ፊቱም ተጨማደደ። ከዚያ በእጄ ወደፊትና ወደኋላ እያደረግሁ ስፈልገው 7,800 አካባቢ ላይ ቆመ።

ይህ ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። ኢርፎን የጆሮን ቱቦ ሲዘጋው በጎማውና በታምቡሩ መካከል አጭር የተዘጋ ቱቦ ይቀራል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። የቀረው ቱቦ 2.2 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ የሞገዱ እኩሌታ በልኩ የሚገጥመው ወደ 7,800 ኸርዝ ላይ ነው። እዚያ ቦታ ድምፁ ይጎላል። ኢርፎኑን ጠለቅ አድርገህ ብታስገባው ቱቦው ያጥርና ጉብታው ወደ ላይ ይሸሻል። ጎማ ስትቀይርም ቦታውን ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ ነው ጎማው ሳይስተካከል ይህን ቦታ መፈለግ ከንቱ ድካም የሚሆነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በዚህ በሚወጣው ድምፅ ጠባብ ጉብታ ፈልጉ እንጂ ጠቅላላውን ሚዛን አትዳኙ። ጆሯችን ለሁሉም ድምፅ እኩል አይደለም። ከ2,000 እስከ 5,000 ያለውን አጉልቶ ይሰማል፤ ወፍራሙን በተለይ ቮልዩም ሲቀንስ ያደክመዋል። ድምፁ እኩል እስኪመስል ድረስ ዘንግ የሚያንቀሳቅስ ሰው ቤዙን ከልክ በላይ ያሳብጠዋል። ለጠቅላላው ሚዛን የሚሆነው ዳኛ አብጠርጥረህ የምታውቀው የሰው ድምፅ ነው። ዲያቆኑ ደግሞ በዚህ ታድሏል። የየኔታን ድምፅ በየቀኑ በቅርብ ይሰማል።

መጨረሻ ላይ የጸናው ቅንብር ይህ ነው። ከ105 ኸርዝ በታች ያለውን በሎው ሼልፍ (ከአንድ ቦታ በታች ያለውን ሁሉ አብሮ በሚያነሣ ወይም በሚጥል ማስተካከያ) 4 ዴሲቤል ቀነስን። 250 ላይ 2.5 ዴሲቤል ቀነስን፣ በኪው 0.9፤ ጆሮ የሚያፍነው ድንግዝግዝ ያለው ድምፅ እዚያ ስለነበረ ነው። 7,800 ላይ 5 ዴሲቤል ቀነስን፣ በኪው 3። የጨመርነው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ 3,000 ላይ 2 ዴሲቤል፣ በኪው 1.2።

ያች 3,000 ታሪክ አላት። መጀመሪያ 4 ዴሲቤል ነበረች። ዲያቆኑ ወደዳት፤ የኔታ አጠገቤ የቆሙ መሰለኝ አለ። በማግስቱ መጣና «ጋሼ፣ ቆይቶ ድካም ድካም ይለኛል» አለኝ። ይህ ያለ ነው። ጆሮ የሚጠጋ ድምፅ ለጊዜው ይጥመዋል፣ ሲቆይ ይሰለቸዋል። ወደ 2 አወረድናት፤ ከዚያ ወዲህ ቅሬታ አላሰማም። ቅንብር በሠራችሁበት ሰዓት አትፈርዱበት። አሳድሩትና ስሙት።

ፕሪአምፑን፣ የጠቅላላውን ድምፅ መነሻ መጠን የሚወስነውን፣ ደግሞ ወደ −2 ዴሲቤል አወረድነው። ዲጂታል ድምፅ ጣሪያ አለው። ጣሪያው ጋ የደረሰ ቅጂ ላይ ከጨመርክ የሞገዱ ራስ ይቆረጥና ድምፁ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ትልቁን ጭማሪ ያህል አስቀድሞ ከሁሉም ይቀነሳል። ቮልዩሙን በስልኩ ቁልፍ ትመልሰዋለህ። ዲያቆኑ የበፊት ቅንብሩ ላይ ከበሮው ይንኮሻኮሽ ነበር ያለው በከፊል በዚህ የተነሣ ነው።

የታወረው ፍተሻ

ጆሮ ይሸነገላል። ከሁለት ድምፆች ትንሽ የጮኸው የተሻለ ይመስለዋል። ስለዚህ ቅንብሩ ሲበራና ሲጠፋ ቮልዩሙ እኩል እንዲሰማ አደረግሁ። ከዚያ ስልኩን እኔ ያዝኩት፤ ዲያቆኑ ስክሪኑን አያይም። ማኅሌቱ ላይ መረግድ ያለበትን፣ ከበሮው የሚያይልበትን ቦታ መረጥን። እያበራሁና እያጠፋሁ አሰማሁት። «ርክርኩ የቱ ላይ ነው የተሰማህ?» እለዋለሁ። ቅንብሩ የበራበትን ያለማወላወል ነገረኝ። የየኔታ ድምፅ ብቻ ባለበት ቁም ዜማ ላይ ስናደርገው ግን ልዩነቱ ትንሽ ሆነ፤ አንዳንዴም ተሳሳተ። ይህ ለእኔ ጥሩ ምልክት ነበር። ቅንብሩ የሚሠራው የሚሸፍን ነገር ባለበት ቦታ ነው፤ ንጹሑን ቅጂ አልነካካውም።

ኢኳላይዘር ያልቻለውም አለ። አንዱ ቅጂ የተቀዳው ስልኩ ከከበሮው አጠገብ ተቀምጦ ነው። ማይኩ ራሱ ጣሪያውን መትቷል፤ ከበሮው በተመታ ቁጥር ድምፁ ተሰንጥቋል። የተቀዳ ስንጥቅ በዘንግ አይጠገንም። ሌላው በአሮጌ ስልክ ኤኤምአር በሚባለው ፎርማት የተቀዳ ነው። ይህ ለስልክ ንግግር የተሠራ ነው፤ ከ3,400 ኸርዝ በላይ ያለውን በጭራሽ አይዝም። የሌለ ነገር አይጨመርም። ለነዚህ ቅጂዎች ለብቻቸው ቅንብር ልሥራ ሲል የነገርኩት ይህንን ነው፦ የኢርፎኑ ቅንብር ለኢርፎኑ ነው፤ አይነካ። ለቅጂ ሲባል የሚቀየር ከሆነ በሌላ ስም ይቀመጥ።

የተሻለው መፍትሔ እንደገና መቅዳት ነበር። በሚቀጥለው ማኅሌት ስልኩን ከከበሮው አርቆ፣ ወደ የኔታ አስጠግቶ፣ የቅጂውን ጥራት ከሴቲንጉ ከፍ አድርጎ ቀዳ። ያንን ቅጂ ስንሰማው አሪፍ ነበር። ኢኳላይዘሩ ቀሪውን ብቻ ሠራ።

ስለ ቮልዩምም ልናገር። ዲያቆኑ ወደ አራዳ ሲወርድ እየሄደ ነበር የሚሰማው። ባጃጁ ይጮሃል፣ ግራው ጎማ ያፈስሳል፣ እሱ ቮልዩም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው 80 ዴሲቤልን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10። ለዜማ ተማሪ ጆሮ ማለት እንጀራ ነው። ጎማው ከገጠመና ቤዙ ከተቀነሰ በኋላ ቮልዩሙን ሳይጠየቅ ራሱ አወረደው። ጎማው ሲገጥም ግን የባጃጅ ክላክስም አይሰማም፤ መንገድ ላይ እንዳያደርገው ተስማምተናል።

ወሬው ደርሶት አንድ ጓደኛው መጣ። ኢርፎኑ ያው ነው፣ ከዚያው ሱቅ። ቅንብሩን እንዳለ ገልብጦ ነበር፤ ጸናጽሉ ግን አሁንም ይወጋዋል። ሲፈተሽ ለሁለቱም ጆሮ የሚገጥመው ትንሹ ጎማ ሆነ። የሚወጋው ቦታም 7,800 አይደለም፤ ወደ 9,000 የተጠጋ ነው። የቀሩትን እንዳሉ ትተን ያችን አንድ ቁጥር አዛወርናት።